የድሮ ኪቦርድ ነውር፦ የቱ ይጠገን፣ የቱ ይተው?

ጥቁር_ነጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሮድስ፣ ጁኖ-106፣ ዲኤክስ7፣ ፖሊሲክስ… አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ኪቦርዶች ዛሬም ይፈለጋሉ። ሁሉም ደግሞ የታወቀ ነውር አለባቸው። አንዱ ያፏጫል፣ የአንዱ ቅኝት አይረጋም፣ የሌላው ቁልፎች እኩል አይጮሁም። የሚገርመው ሻጩም ገዢውም ያንኑ ነውር «ድምፁ እኮ እሱ ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የተበላሸ ዕቃ መሸጫ ዘዴ ነው። ስለዚህ በየዕቃው እንለይ፦ ድምፁን የሠራው ጉድለት የቱ ነው? ዕቃውን እየበላ ያለውስ የቱ ነው? ክፍሉንና ቁጥሩን እየጠራችሁ ጻፉ። «ሙቀት አለው» ብሎ መሄድ በዚህ ክር ክልክል ነው።

ሰባ_ሦስት፦

ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ልጀምር፤ ነውሩና ድምፁ አብረው የተሰፉበት ዕቃ እሱ ስለሆነ።

ቁልፉን ስትጫን ጎማ የለበሰ መዶሻ ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል። ዘንጉ ታይን ይባላል። ታይኑ ከበላዩ ካለው ወፍራም ብረት፣ ከቶንባሩ ጋር፣ እንደ ሹካ ጣቶች አብሮ ይርገበገባል። ከታይኑ ጫፍ ፊት ለፊት ደግሞ ማግኔት ያለበት የሽቦ ጥቅል፣ ፒክአፑ፣ ተቀምጧል። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው የታይኑ ጫፍ ከፒክአፑ መሃል ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንዳረፈ ነው።

ልክ መሃሉ ላይ ካረፈ በአንድ ምልልስ ማግኔቱን ሁለት ጊዜ ያልፈዋል። ያኔ ጎልቶ የሚሰማህ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ነው፤ ቀጭን፣ ደወል ደወል የሚል። ከመሃል ትንሽ ስታርቀው ዋናው ድምፅ ይመለሳል። አሁን በዝግታ ስትነካው ጥርት ያለ፣ ጠንክረህ ስትመታው የሚያጓራ ይሆናል፤ ታይኑ ሰፋ አድርጎ ሲወዛወዝ የማዕበሉ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ መመሳሰላቸውን ስለሚያቆሙ ነው። መሐንዲስ ይህን መዛባት ይለዋል። አንሣው ካላችሁ ግን ሮድሱም አብሮ ይነሣል።

ስለዚህ ይህ ጉድለት አይጠገንም፣ ይስተካከላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የመዶሻ ጫፎቹን እይ። ባሱ ላይ ለስላሳ ናቸው፣ ወደ ላይ ስትሄድ እየጠነከሩ ይመጣሉ። ታይኑ ጎማው ላይ ቦይ ቆፍሮበት ከሆነ ድምፁ ከኖታ ኖታ ይዘባረቃል፤ ይህ ባሕርይ አይደለም፣ እልቀት ነው፣ ይቀየር። ቀጥሎ የቶንባሩን ብሎኖች ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞርክ የታይኑን ከፍታ አስተካክል፤ በጆሮህ እንጂ በዓይንህ አትመን። ከዚያ የፒክአፑ ርቀት፦ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ባሱን ትንሽ አርቀው፣ ላይኛውን ትንሽ አስጠጋው። ባሱን ከልክ በላይ ካስጠጋኸው ጠንክረህ ስትመታ ታይኑ ራሱ ፒክአፑን ይነካና ጧ ይላል። ቅኝቱ መጨረሻ ነው፦ ታይኑ ላይ የተጠመጠመችውን ትንሽ ሞላ ወደ ጫፉ ስትገፋት ድምፁ ይወርዳል፣ ወደ ሥሩ ስትመልሳት ይወጣል። የፀጉር ያህል ብቻ ግፋት።

ድምፁ ጨርሶ የጠፋ ኖታ ካለ ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ ፒክአፑን ለካ። በ1970ዎቹ በተሠሩት ላይ 180 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። ፒክአፖቹ በቡድን ስለተያያዙ አንዱን እግር ሳትነቅል ከለካህ የጎረቤቶቹንም አብሮ ያነብልሃል። እግሩን ነቅለህም ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እግሩ አጠገብ ስለሆነ በቀጭን ጫፍ ካውያ መልሶ ይያዛል።

ሽቦ_አልባ፦

ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ፕለጊን (የዕቃውን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) የሚገኝ ነገር ነው። ታይኑን ማስጠጋት፣ ማራቅ፣ የመዶሻ ጥንካሬ ሁሉ በማውዝ ይስተካከላል። 60 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ ደረጃ ለደረጃ ተሸክሞ መውጣት ናፍቆት እንጂ ሙዚቃ አይመስለኝም።

ሰባ_ሦስት፦

ወንድሜ፣ ስለ ሸክሙ አልከራከርህም። ለቀረጻ ፕለጊኑ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ አድማጭም አይለየውም።

ልዩነቱ ያለው አንድ ኖታ ደጋግመህ ስትመታ ነው። መዶሻው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ታይኑ ገና እየተወዛወዘ ነው። ታይኑ ወደ መዶሻው እየመጣ ሳለ ከተመታ አንድ ድምፅ፣ እየሸሸ ሳለ ከተመታ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ምት አንድ ዓይነት አይወጣም። አስቀድሞ የተቀዳ ናሙና ይህን አያውቅም፤ የተቀዳውን መልሶ ያጫውታል። በስሌት የሚሠሩት ፕለጊኖች ይቀርባሉ፣ አልክድም። በትዝታ አጀብ ላይ ግራ እጅህ ያንኑ ሁለት ኖታ ለአሥር ደቂቃ ሲመላለስ ግን ልዩነቱን ጣትህ ቀድሞ ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ ሮድስ የምታስተካክሉ ሰዎች ሰባ ሦስቱንም ቁልፍ አንድ ዓይነት ለማድረግ አትልፉ። ቅኝቱን እኩል አድርጉ፣ የድምፅ መጠኑን አቀራርቡ፣ ጠባዩን ግን ተዉት።

ካውያ_በእጄ፦

ጁኖ-106። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለ ስድስት ድምፅ። ይህ ዕቃ ሁለት የታወቁ ነውሮች አሉበት፤ አንዱ የሚወደድ፣ አንዱ የሚገድል።

የሚወደደው ኮረሱ፣ ድምፁን የሚያሰፋው ክፍል፣ ነው። የጁኖው ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) በዲጂታል ሰዓት ስለሚመራ ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም፤ ብቻውን ሲሰማ እንዲያውም ደረቅ ነው። ሕይወት የሚሰጠው ኤምኤን3009 የሚባሉት ሁለት ቺፖች ናቸው። ድምፁን ከባልዲ ወደ ባልዲ እንደሚገለበጥ ውኃ እየተቀባበሉ ያዘገዩታል፣ የማዘግየቱ መጠን ከፍ ዝቅ ሲል ድምፁ ይሰፋል። ቅብብሉ ግን ፉጨት ያመጣል፤ ጁኖው ደግሞ ፉጨቱን የሚያፍን ተጨማሪ ሰርኪት አልተሠራለትም። ስለዚህ ኮረሱን ስትከፍት «ሽሽሽ» መኖሩ ጤና ነው። ቺፑን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲሱም ያፏጫል። ይልቅ ፓኔሉ ላይ ያለውን የቪሲኤ (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን) ደረጃ ከፍ አድርገህ ቅዳ። እሱ ከኮረሱ በፊት ስለሆነ ድምፁ ከፉጨቱ በላይ ይሆናል። ከኋላ ያለው የውጤት መጠን ማብሪያ ግን ከኮረሱ በኋላ ነውና ሁለቱንም አብሮ ከፍ ያደርጋል፣ አይረዳህም።

የሚገድለው 80017ኤ የሚባለው ቺፕ ነው። ስድስት አሉ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ፤ ፊልተሩና የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ውስጡ ነው። ቺፑን የሸፈነው ጥቁር ሙጫ ከዓመታት በኋላ በጥቂቱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። ውስጡ ያሉት መስመሮች እጅግ ትንሽ ፍሰት የሚበቃቸው ስለሆኑ ያች ጥቂት ልቅታ ታሳብዳቸዋለች። ምልክቶቹ፦ ከስድስት ኖታ አንዱ ይንኮሻኮሻል፣ ወይም ድምፁ አንሶ ይወጣል፣ ወይም ጣትህን ብታነሣም አይጠፋም።

የታመመውን ለመለየት፦ የኪ ትራንስፖዝ ቁልፍን እንደተጫንክ ኃይል አብራ። አሁን ቁልፍ በነካህ ቁጥር ማሳያው ላይ የድምፁ ቁጥር ይወጣል። አንድ በአንድ እያየህ የትኛው ቁጥር ላይ እንደሚንኮሻኮሽ መዝግብ። ከዚያ ቺፑን በሊድ መምጠጫ በጥንቃቄ ንቀል፤ እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ካጎበጥካቸው ይሰበራሉ። ክዳን ባለው የመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ አሴቶን አድርገህ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘፍዝፈው። የፕላስቲክ ዕቃ አትጠቀም፣ ከሻማና ከምድጃ ራቅ፣ መስኮት ክፈት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዘይትና ሽቶ ስላለበት አይሆንም። ሙጫው ሲላቀቅ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለህ አንሣው፣ በአልኮል እጠብና አድርቅ፣ መልሰህ በይድ። ብዙዎቹ ይነሣሉ። ያልተነሣ ካለ በአዲስ የሚሠሩ ምትኮች ይሸጣሉ። አንዱ ከሞተ የቀሩት አምስቱም ዕድሜያቸው ያው ነው፤ ቦርዱ ተፈቶ እያለ ስድስቱንም መሥራት ይሻላል።

ሽቦ_አልባ፦

አንድ ኪቦርድ ለማስጮህ ሦስት ቀን አሴቶን ውስጥ? ይኸው፣ ያልኩት ይሄንን ነው።

ካውያ_በእጄ፦

ዘፍዝፈህ ሂድ፣ ቡናህን ጠጣ። እሱ ራሱን ይሠራል።

ቅኝት_ጠባቂ፦

ዲኤክስ7ን ማንም እስካሁን አላነሣም፤ እኔ ልግባ። በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ «ንጹሕ» የተባለ ዕቃ ነበር። ዛሬ የሚወደደው ንጹሕ ስላልሆነ ነው። ድምፁን ከቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል ባለ 12 ቢት ነው፣ አሥራ ስድስቱም ድምፆች በየተራ በሱ በኩል ያልፋሉ። ረጅም ድምፅ እየጠፋ ሲሄድ ጅራቱ ላይ አሸዋ የመሰለ ሻካራነት የምትሰሙት ከዚያ ነው። በኋላ የመጣው ዲኤክስ7-2 ከዚህ ጸድቷል። ብዙ ሰው ግን ያንኑ አሸዋ ፈልጎ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ሰዎችን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። የዲኤክስ7 ቁልፍ የቱንም ያህል ብትመቱት የሚልከው የምት ጥንካሬ ሚዲ (ኪቦርዶችና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ከሚፈቅደው 127 በጣም ያንሳል። ፋብሪካው የሰጠን ድምፆች የተቀመሩት በዚያ ቁልፍ ነው። አሁን ሌላ ኪቦርድ በሚዲ አገናኝታችሁ ዲኤክስ7ን ስታስጮሁት 127 ይደርሰዋል፤ ኤሌክትሪክ ፒያኖው ከለመድነው ይልቅ የሚጮኽና የሚቆርጥ ይሆናል። ድምፁ የተበላሸ አይደለም። ላኪው ኪቦርድ ላይ ከፍተኛውን ወደ 100 አካባቢ አውርዱት። በተቃራኒው ዲኤክስ7ን ለፕለጊን መምቻ ካደረጋችሁት ሁሉም ነገር ይደበዝዛል፤ እዚያ ደግሞ ፕለጊኑ ላይ የምት ኩርባውን ከፍ አድርጉ። ይህ ዕቃ በሚዲ የሚልከው በቻናል 1 ብቻ መሆኑንም አትርሱ። «አልሰማኝም» ተብሎ ለጥገና ከሚቀርበው ቀላል የማይባለው ይኸው ነው።

ባትሪው የሚጠገን ነገር ነው። የፈንክሽን ቁልፍ ተጭናችሁ 14ን ስትነኩ የባትሪውን ቮልት ያሳያችኋል፤ 3 አካባቢ ካልሆነ ጊዜው ደርሷል። ባትሪው ሲነቀል 32ቱም ድምፆች ይጠፋሉና መጀመሪያ አውጡአቸው፦ ፈንክሽን 8 ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን «አቬል» አድርጉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሚዲ ትራንስሚት ላይ «የስ» በሉ፣ ኮምፒውተሩ ይቅዳው። ስትመልሱ የሜሞሪ መከላከያው መጥፋት አለበት። ሲአር2032ን (ሳንቲም መሳዩን ባትሪ) ራሱን ካውያ አትንኩበት፣ ሊቲየም ነው። የባትሪ መያዣ በይዳችሁ ባትሪውን በእጅ አስገቡ።

የቅኝት ነገር ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ መቃኘት አይችልም። አንቺሆዬን በማሲንቆ የለመደ ጆሮ የኪቦርዱ አሥራ ሁለት እኩል ድምፆች ጠባብ ጫማ ይሆኑበታል። መውጫው ፈንክሽን 3 ላይ የፒች ቤንዱን ስፋት 1 ማድረግ፣ 4 ላይ ደግሞ ስቴፑን 0 ማድረግ ነው። ያኔ ጎማው ሙሉ ሲገፋ ግማሽ ድምፅ፣ ግማሹ ሲገፋ ሩብ ድምፅ ይሰጣል፤ የግራ እጅ አውራ ጣት ሥራ ነው። ስፋቱን 12 አድርጎ ሩብ ድምፅ ለመያዝ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ዲኤክስ7-2 ግን ኖታን ለየብቻ መቃኘት ይችላል። ለቅኝት ሥራ ብቻ ከሆነ ያለማወላወል እሱን ያዙ፣ አሸዋው ይቅርባችሁ።

ጥቁር_ነጭ፦

እህቴ፣ ይህ የፒች ቤንድ ነገር ብቻውን ክር ይወጣዋል። አመሰግናለሁ።

አሌክሳንድሪያ_ሰፈር፦

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ኪቦርድ ለሚልክ ወይም ለሚያስልክ ሰው። ከላይ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ ዕቃ የሚገድለው ሶኬቱ ነው።

የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው። አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የጃፓን ገበያ ዕቃ ደግሞ 100 ቮልት ነው፤ መልኩ ከአሜሪካው ጋር አንድ ስለሆነ ብዙዎች 120 ላይ ሰክተው ውስጡን ያግሉታል። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ቮልቱም ዋቱም ተጽፏል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ስትገዙ ዕቃው ከሚፈልገው ዋት እጥፍ የሚችል ይሁን። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ይበልጥ ይሞቃልና ዳር ዳሩን የሚሄድ አትግዙ። «ኮንቨርተር» ተብለው የሚሸጡ የፀጉር ማድረቂያ ማሠሪያ ትንንሽ ሳጥኖችን ለኪቦርድ አትጠቀሙ፤ ማዕበሉን ቆራርጠው ስለሚያወርዱት ኪቦርዱ ያጓራል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሁለት የ110 ቮልት መግቢያ ጥቅል ካለው ሁለቱን በተከታታይ አያይዞ ወደ 220 መቀየር ይቻላል። ከተቀየረ በኋላ የፊውዙ አምፔር በግማሽ ይውረድ። አንድ ጥቅል ብቻ ካለው አትልፉ፣ የውጭ ማውረጃ ይሻላል።

ስቴጅ የሚባለው ሮድስ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ውስጡ አንዳች ኃይል የሚፈልግ ነገር የለም፤ እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ገመዱን አምፕሊፋየር ላይ መሰካት ነው። መብራት ሲጠፋም፣ በዝግታም ቢሆን፣ ታይኖቹ ይሰማሉ።

ጋሽ_ሃሞንድ፦

ልጄ አሌክሳንድሪያ ጥሩ ብለሃል፤ አንድ ልጨምርበት። ቮልቱ ሲስተካከል ሁሉም የተስተካከለ የሚመስለው አለ። ሃሞንድ ኦርጋን ያለው ሰው ግን የሚጎዳው በሄርዙ ነው።

የሃሞንድ ቢ-3ን ድምፅ የሚያወጡት ጥርስ ያላቸው የብረት ክቦች ናቸው፤ የሚያዞራቸው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሄርዝ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲዞር ሁሉም ኖታ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። 440 ሄርዝ መሆን የነበረበት ላ 366 ከምናምን ይሆናል፤ ከፋ ዲዬዝም ትንሽ ዝቅ ያለ። ማንኛውም ማውረጃ ትራንስፎርመር ይህን አይለውጥም፤ ቮልት እንጂ ሄርዝ አይነካምና። መፍትሔው 60 ሄርዝ የሚያወጣ፣ ማዕበሉ ንጹሕ ሳይን የሆነ ኢንቨርተር ነው። ሞተሩ ብቻ በሱ ይሂድ፣ አምፕሊፋየሩ በትራንስፎርመር ይበቃዋል።

በጄኔሬተር የምትጫወቱ ደግሞ ጭነት ሲጨመር ጄኔሬተሩ ሲያቃስት ኦርጋኑም አብሮ ይወርዳል። የአዳራሹ መብራት በተጨመረ ቁጥር ዘፋኙ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ሽቦ_አልባ፦

ጋሼ፣ በዚህኛውስ አሳቁኝ። እሺ፣ ይህን ፕለጊን አይሠራውም።

ዱባይ_ላብ፦

የባሕር ዳርቻ አየር ላለንበት ሰዎች። ሚኒሙግና መሰሎቹ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ቅኝታቸው የሚንሸራተተው ቮልቱን ወደ ኦክታቭ የሚቀይሩት ትራንዚስተሮች ሙቀት ስለሚሰማቸው ነው። ማካካሻ ሬዚስተር አላቸው፣ ግን ማካካሻው የሚሠራው ሁለቱ አብረው ሲሞቁ ነው። የኤሲ ነፋስ ከላይ በቀጥታ እየወረደበት ያለ ሚኒሙግ መቼም አይቃኝም። ከነፋሱ አውጡት፣ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ አብርታችሁ ተዉት፣ ከዚያ ቃኙ። ከውጭ ሙቀት ወደ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከቀዝቃዛ ወደ ውጭ ስታስገቡና ስታወጡም ቶሎ አታብሩ፤ ጠል የያዘ ቦርድ ላይ ኃይል መስጠት እርጥብ ሶኬት እንደመንካት ነው።

ከሞቀ በኋላ የሚቀረውን ትንሽ መንሸራተት ግን ተዉት። ሁለት ኦሲሌተር አንዱ 440፣ አንዱ 441 ላይ ቢሆን በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚያብጥና የሚሟሽሽ ድምፅ ይወጣል። የሚኒሙግ ባስ ትልቅ የሚመስለው በዚህ ነው። በፍጹም አንድ ላይ የቆለፋችሁት ጊዜ ግማሹ ስፋት ይጠፋል።

ቅኝት_ጠባቂ፦

ዱባይ ያልከው እብጠት ለኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። አኮርዲዮን ውስጥ ለአንድ ኖታ ሁለት የብረት ምላስ አለ፤ ብዙ አኮርዲዮኖች ላይ አንዱ ሆን ተብሎ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይቃኛል፣ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ከዚያ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ ያወጣው፣ በ2013 እንደገና የታተመው ካሴት ላይ አኮርዲዮን፣ ሮድስና ሙግ ከከበሮ ማሽን ጋር አብረው አሉ። ሙጉና አኮርዲዮኑ ሳይጣሉ የሚቀመጡት ሁለቱም በሚያብጥ ድምፅ ስለሚናገሩ ነው ብዬ አስባለሁ። ጁኖው ላይ ኮረሱን ከፍተን የምንፈልገውም ከዚህ አይርቅም።

ካውያ_በእጄ፦

ትክክል። እኔ ወደ መርዙ ልመለስ፦ ኮርግ ፖሊሲክስ። ድምፁ ግሩም ነው፣ ባትሪው ግን እባብ ነው።

ኬኤልኤም-367 በሚባለው ቦርድ ላይ የሚሞላ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ተበይዷል። ሲያረጅ ያፈሳል፣ ፈሳሹም የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። ኪቦርዱ ድምፆቹን መርሳት፣ ከዚያ ራሱን በራሱ መለወጥ ሲጀምር «አናሎግ ስለሆነ ጠባይ አለው» የሚል ሻጭ አለ። ጠባይ አይደለም። ክዳኑን ሳትከፍት ፖሊሲክስ አትግዛ። አረንጓዴ ዱቄት ካየህ ዋጋውን በዚያ ልክ ተነጋገር።

አሠራሩ፦ ባትሪውን ቆርጠህ አውጣ። ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ ነጭ አቼቶ በጥርስ ብሩሽ ቀባበትና አረፋው ሲያቆም በተጣራ ውኃ እጠብ፣ ከዚያ በአልኮል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይድረቅ። አቼቶውን ሳታጥብ ከተውከው እሱም በተራው ይበላል። በቴስተር እያንዳንዱን መስመር ከጫፍ ጫፍ ፈትሽ፤ በዓይን ደህና የመሰለ መስመር ከቀለሙ ሥር ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠውን በቀጭን ሽቦ ድልድይ ሥራለት።

አዲሱን ባትሪ በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የድሮው ሰርኪት ባትሪውን ይሞላል። በቦታው ሲአር2032 ካስገባህ የማይሞላን ባትሪ ሊሞላ ይሞክራል፤ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ በባትሪው ፖዘቲቭና በቦርዱ መሃል ወደ ቦርዱ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ አስገባ፤ 1ኤን4148 ይሠራል፣ ሾትኪ የሚባለው ዓይነት ዳዮድ ከሆነ ግን የሚወስደው ቮልት ትንሽ ስለሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። መያዣውን ከቦርዱ አርቀህ ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፤ ይህኛውም አንድ ቀን ቢያፈስ ቦርዱን አያገኘውም።

ሰባ_ሦስት፦

ውርሊትዘር 200ኤንም በአጭሩ ላንሣ፤ የሮድስ ዘመድ ይመስላል እንጂ አሠራሩ ሌላ ነው። እዚህ የሚመታው የብረት ምላስ ነው፣ ምላሱና ከጎኑ ያለው ብረት አብረው እንደ ካፓሲተር ይሠራሉ። ለዚህ 150 ቮልት አካባቢ ዲሲ በውስጡ አለ። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ሳትጠብቁ እጃችሁን አታስገቡ።

ቅኝቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ባለች የሊድ ጉብታ ነው። ሊድ ስትሞርዱ ድምፁ ይወጣል፣ ስትጨምሩ ይወርዳል። ሙራጁ ምላሱና ብረቱ መሃል ከቀረ ግን ቻቻ ይላል፤ ምላሱን ፈታችሁ አውጥታችሁ ሞርዱ፣ ከመመለሳችሁ በፊት በብሩሽ ጥረጉ። ደጋግሞ ዝቅ የሚል አንድ ኖታ ካለ ሊድ መሞረዱን አቁሙ። ምላሱ ከሥሩ እየተሰነጠቀ ነው፣ ሊሰበር ቀርቦታል፤ ምትክ እዘዙ።

ሽቦ_አልባ፦

ርካሽ የሆነ፣ የማይፈነዳ፣ አሴቶን የማይፈልግ የለም?

ዱባይ_ላብ፦

ካሲዮ ኤስኬ-1። ባለ 32 ትንንሽ ቁልፍ፣ በማይክሮፎኑ 1.4 ሴኮንድ ድምፅ የሚቀዳ፣ ባለ 8 ቢት፣ በ9.38 ኪሎ ሄርዝ። ከ4.7 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ ወይ ይጠፋል ወይ ተጣሞ ይመለሳል፤ የክራር ክር ብትቀዳበት ጭቃ ውስጥ የወደቀ ክራር ይሰጥሃል፣ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስታጠፋው የቀዳኸው ይጠፋል። ባትሪ ድንጋዮቹን ውስጡ ትተህ አታስቀምጠው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ጥቁር_ነጭ፦

ካውያ፣ ወደ ጁኖው አንድ ጥያቄ። በፍተሻው ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ሳይሆን 3 እና 4 አብረው ዝም ቢሉስ? ሁለቱም 80017ኤ በአንዴ ሞቱ ማለት ነው?

ካውያ_በእጄ፦

አይመስለኝም፤ አሴቶኑን አታውጣ ገና። ከ80017ኤ በፊት ማዕበሉን የሚሠራው ኤምሲ5534ኤ የሚባል ሌላ ቺፕ አለ፤ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱ ሁለት ድምፅ ያገለግላል። 1 እና 2፣ 3 እና 4፣ 5 እና 6። ጥንድ ሆነው ከጠፉ መጀመሪያ እሱን ጠርጥር። ለማረጋገጥ ፊልተሩን ክፈት፣ ሬዞናንሱን እስከ ጥግ አድርስ፤ ያኔ ፊልተሩ ራሱ ያፏጫል። 3 እና 4 ላይ ፉጨቱ ከተሰማ 80017ኤዎቹ ደህና ናቸው፣ የጎደለው የሚገባላቸው ማዕበል ነው። ፉጨቱም ከሌለ ወደ ቦርዱ የሚመጣውን ኃይል ለካ፤ የፕላስና የማይነስ 15 ቮልቱን። ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን።